ሳይቆፍሩ መፈለግ

ነገርን ሳይነኩ ማየት የሚችሉ ሰዎች አሉ ይባላል። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ማንጎ ስገዛ ሳልጫነው ኪሴ አይፈታም፤ የታሸገ ካርቶን ሲሰጡኝ ከመክፈቴ በፊት ጆሮዬ ሥር አድርጌ እወዘውዘዋለሁ፤ የድስት ክዳን ሳይነሣ «በስሏል» ቢሉኝ አላምንም፤ ሠራተኞቼ ከማእድ ቤት የሚያባርሩኝም ለዚሁ ነው። እናንተስ? ሐኪም ደረታችሁን ሳይደባብስ በማሽን ብቻ አይቶ «ደህና ነህ» ሲላችሁ፣ ከፍላችሁ እየወጣችሁ «ይሄ ደግሞ ምን ሐኪም ነው» የምትሉት ለምንድን ነው? እጅ ያልገባበት ነገር አያሳርፈንም።

ስለዚህ ኡመድ ሥራውን ሲያስረዳኝ መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ። ኡመድ ጋምቤላ ያደገ፣ ቅየሳም እዚያው ኢትዮጵያ የተማረ፣ በኋላ ወደ አባቶቹ አገር የተመለሰ ልጅ ነው። ጁባ ውስጥ፣ ሙኑኪ ሰፈር ባለችኝ ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ ይበላል፤ «ጋሽ ታዬ፣ ሽሮው ዛሬ ቀጥኗል» ብሎ ፊት ለፊት ስለሚነግረኝ እወደዋለሁ። ሥራው ከከተማው በስተደቡብ፣ ረጃፍ ላይ፣ የድሮ ሰዎች በዓባይ ዳር የኖሩበትንና የሠሩበትን ቦታ መፈለግ ነው። ድሮን ያበርራል፤ መሬት ውስጥ ያለ ብረትንና የተቃጠለ አፈርን የሚለይ ዘንግ ሰው አሸክሞ ከወዲያ ወዲህ ያስሄዳል፤ ሁሉንም ኮምፒውተር ውስጥ ይከትና ካርታ ያወጣል።

«ከዚያ ትቆፍራላችሁ» አልኩት።

«አንቆፍርም።»

«አሁን አትቆፍሩም፤ መቼ ነው የምትቆፍሩት?»

«ጋሽ ታዬ፣ የሥራው ቁም ነገር አለመቆፈሩ እኮ ነው። አንዴ የተቆፈረ አይመለስም። ምን እንዳለ ከላይ ሆነን እናውቅና እንዳለ እንተወዋለን።»

አግኝቶ መተው! ይህን ሰምቶ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ምሳ የሚያደርስልኝ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ እያለ የእነ ኡመድን ምሳ ራሴ ረጃፍ ድረስ ማድረስ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዴ አንገቴን አስግጌ ስደርስ፣ የሚለካው መሬት የአንዲት የማውቃቸው አሮጊት፣ የማማ ኪደን፣ ሆኖ አገኘሁት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁና እንገላገል። ያን መሬት አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት እዚያው ላይ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ከማማ ኪደን ተከራይቼ ቢራ እሸጥ ነበር። በጦርነቱ ጁባ ስትናወጥ ቆርቆሮዬን፣ ወንበሬን፣ ምስማሬን ሳይቀር ነቅዬ ሸሸሁ፤ ስመለስ ዛፉም ለከሰል ተቆርጦ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሰው ሆንኩ። ሙኑኪ የከፈትኩት ምግብ ቤት መጠጥ የሚባል አይገባበትም፤ ሙስሊም ነጋዴዎቻችን ሰግደው መጥተው ያለ ሐሳብ የሚበሉበት ቤት ነው። እኔም በቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አገኘሁ። ያን የድሮ ቡና ቤት ከማማ ኪደን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸውንም እንዳያነሡብኝ ለምኛቸው ነበር።

ማማ ኪደን በዚያ ሰሞን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ «መሬቱ የእኔ ነው፤ አጥሬ መጋዘን እሠራበታለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ዶዘር ይገባል» ብሏቸዋል። የእሳቸው ወረቀት በስደት ጠፍቷል። ያላቸው ቃል ብቻ ነው፤ የሟች ባላቸው አባትና አያት እዚያ መሬት ላይ ብረት ያቀልጡ ነበር ይላሉ። መሬት ቢሮ ሄደው ሲያለቅሱ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ ኡመድ በካርታው ላይ የጥንት ቅርስ አለበት ብሎ ቀይ ያደረገውን ቦታ ዶዘር አይነካውም፣ ነጭ ያደረገውን ግን ይነካዋል። እንግዲህ የአሮጊቷ ቤትና ማሳ የተንጠለጠለው ሰው ተሸክሞት በሚዞር አንድ ዘንግ ላይ ነበር።

ኡመድ ቅጹን ሲሞላ ቆሜ እሰማለሁ። «በቅርብ ዓመታት እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። ማማ ኪደን እኔን አዩኝ። እኔ ወንዙን አየሁ። «ኩድራ ነው የምዘራው» አሉ፤ ቅጠሉን እየቀቀሉ የሚበሉትን ጎመን መሰል ነገር ማለታቸው ነው። ኡመድ ጻፈ።

በማግስቱ ዘንጉን የሚሸከመው ልጅ ወባ ያዘው። አፌ አያርፍም፤ «እኔ አለሁ!» አልኩ። ኡመድ ብረት ያለበትን ሁሉ፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ ቀበቶ አስወለቀኝና ሱሪዬን በሲባጎ አሰርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ መሣሪያው ጢው ባለ ቁጥር አንድ እርምጃ፣ መስመሩ ሲያልቅ ዞሮ በቀጣዩ መስመር መመለስ፣ አለመቸኮል፣ አለመቆም፣ ዞር አለማለት። እስቲ በእኔ እግር ሞክሩት። የጭነት ጀልባ ወደ ወደቡ ስታልፍ ዐይኔ ተከተላት፤ «ጋሽ ታዬ፣ መስመር!» አለ ኡመድ። ትንኝ ግንባሬ ላይ አረፈች፤ «ጋሽ ታዬ፣ መስመር!» በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ የሄድኩት ቀብር ላይ ብቻ ነው። አራት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ።

በአምስተኛው ቀን ካርታው ወጣ፤ መሬቱ መሃል ላይ ቀይ በቀይ ሆኗል። ኡመድ በጣቱ እየነካ ያሳየን ጀመር። «ይሄ ምድጃ ነው፤ ዋናው። እነዚህ ሦስት ክቦች ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው። ይሄ ሦስተኛው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ብዙ ያልሠሩበት ይመስላል። ይሄ ቀጭን መስመር ውኃ የሚቀዱበት መንገድ መሆን አለበት።» ማማ ኪደን ካርታው ያለበትን ታብሌት በሁለት እጃቸው ተቀብለው እልል አሉ። ከዚያ ዝግ ብለው «እኔ እኮ አማቴ ዋሽቶኝ ይሆናል ብዬ መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አሉ።

እኔም ቀረብ ብዬ አየሁ። ቅርጹን ወዲያው ለየሁት።

ዋናው ቀይ ባንኮኒዬ የነበረበት ቦታ ነው። ጠርሙስ እከፍትና ቆርኪውን እግሬ ሥር እጥል ነበር። ሦስቱ ክቦች ሦስቱ ጠረጴዛዎቼ ናቸው። ፈዘዝ ያለው ሦስተኛው የመምህራኑ ነው፤ አንድ ቢራ ለሁለት ይዘው የሚያመሹ ጨዋ ደንበኞች ነበሩ። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቀጭን መስመር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የውኃ መቅጃ አልነበረም፤ ወንዶቹ በጥርሳቸው ጠርሙስ እየከፈቱ ለሌላ ጉዳይ የሚወርዱበት ነው። ምስማሬን ሁሉ ለቅሜ የሄድኩ ሰውዬ ቆርኪን ነገር ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር። ስንዝር የማይሞላ አፈር ደብቆት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ መቀመጫ አጣሁ። ሽሮው ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ረስቼ እመለሳለሁ። ዝም ብል ማማ ኪደን ከነማሳቸው ይተርፋሉ፤ እኔም ከነክብሬ። ማን ሊቆፍር? አለመቆፈር ነው ሕጉ! ብናገር አሮጊቷን ዶዘር ፊት ማቆሜ ነው። ግን ያ ልጅ ስሙን የሚያሰፍረው የእኔ ቢራ ላይ ነው፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የማማ ኪደን እልልታ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቦዳቦዳ ላይ ወጥቼ ረጃፍ ሄድኩና ኩድራቸውን ሲያርሙ አገኘኋቸው።

«ማማ፣ ቀዩ የእኔ ቆርኪ ነው።»

ቀና ሳይሉ «ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም።»

የያዙትን አረም ጣሉ። «እኔ ዝም ያልኩት አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው» አሉኝ። ይህን ከሚሉኝ ብመታ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ አሁንም ዝም ብንልስ? ማንም አያውቅም።» አዎ፣ ብያለሁ። «እሺ» እንዲሉኝም ተመኝቻለሁ።

«ወለዲ» አሉ፤ ልጄ ማለት ነው። «የባሌ አባት ብረት አቅልጧል ያልኩት እውነት ነው። ያንተን ቢራ የእሱ እሳት ነው ብዬ አልምልበትም። ሂድና ለልጁ ንገረው። ዶዘሩ ከመጣ ይምጣ።»

ለኡመድ የነገርኩት ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ድምፅ መመጠን አልሆነልኝም መሰለኝ፣ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጥግ ላይ የሚበሉት የጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ጉርሻቸውን እንደያዙ «ታዬ፣ ቡና ቤት ነበረህ እንዴ?» አሉ። ኡመድ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። እጁን ታጠበና «ሪፖርቱን ነገ ልልክ ነበር» አለ። ጥቂት አስቦ ደግሞ «መቆፈር ክልክል ነው። ላይ ላዩን የተበተነ የቅርብ ጊዜ ብረት መልቀም ግን ይቻላል። እናንሣውና እንደገና እንለካለን» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጉጉት በኋላ እጄን እንዳስገባ ተፈቀደልኝ፤ ወይ መፈቀድ!

መሬቱ ላይ ሲባጎ ወጠርን፤ የጨረስነውን ካልጨረስነው ለመለየት ትንንሽ ቀይ ባንዲራ ተከልን፤ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይዘን ተንበረከክን። ኡመድ፣ ማማ ኪደንና እኔ፣ በየመስመራችን። ቆርኪዋን በጥፍር ፈልቀቅ፣ አፈሯን እፍ፣ ወደ ጆንያ። አራት ቀን ፈጀብን፤ ሁለት ጆንያ ሞላ። ያን ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ቢራ እንዴት ጠጣው እያልኩ በጉልበቴ ዳህኩ።

ከዚያ ዘንጉን ተሸክሜ እንደገና ሄድኩ። ዞርም አላልኩ። ካርታው ሲወጣ ነጭ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ።

«ነጭ ማለት ምንም አልነበረም ማለት አይደለም» አላቸው ኡመድ፣ ዐይናቸውን ሳያይ። «መሣሪያው ምንም አልሰማም ማለት ነው።»

«እኔ ግን ሰምቻለሁ» አሉ ማማ ኪደን።

ዶዘሩ የመጣው ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሲባጎውንና ባንዲራውን ገና አልነቀልንም፤ እኔም ማረፍ አቅቶኝ ጥግ ላይ ተንበርክኬ ቀርታ ይሆናል የምላትን ቆርኪ እፈልጋለሁ። ወረቀት የያዘው ሰውዬ ከመኪናው ወረደ፤ የዶዘሩ ሹፌርም ወረደ፤ ሁለት እርምጃ መጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚህ አገር ሲባጎ የተወጠረበት፣ ቀይ ባንዲራ የተተከለበት፣ ሰው በጉልበቱ እየዳኸ አፈር እፍ የሚልበት መሬት ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከጦርነቱ የቀረውን ሲያወጡ ስንቴ አይቷል!

«አልጋም!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። ፈንጂ ማለቱ ነው።

እኔ ዝም ብዬ ብቆም ምን ነበረበት? አልቻልኩም። ላስረዳው ብዬ አንዱን ጆንያ አንሥቼ እየተንኳኳ ወደ እሱ ሮጥኩ። «ቆርኪ ነው! የቢራ ቆርኪ!» ሹፌሩ ወደ ኋላው ሮጠ። ሰውዬው መኪናው ጀርባ ተጠግቶ «ሐበሺ፣ አስቀምጠው! ቀስ ብለህ አስቀምጠው!» ይላል። ኡመድ በዐረብኛም በእንግሊዝኛም ለፈፈ፤ አንዲት ቆርኪ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየ። ሰውዬው ከሩቅ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። «እናንተ የፕሮጀክት ሰዎች ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሉት» አለ። ዶዘሩን ጭነው ሄዱ። ማማ ኪደን ሆዳቸውን ይዘው አፈሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ ሲስቁ አገኘኋቸው።

ኡመድ ግን ኡመድ ነው። መሬቱ ነጭ መሆኑን፣ ፈንጂም እንደሌለበት ጽፎ ለቢሮው ላከ። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ ስለ ትብብሩ አመስግነው፣ ደህንነቱ በሚመለከተው አካል እስኪረጋገጥ ድረስ በቦታው ማንም ምንም እንዳይሠራ አዘዋል። የሚመለከተው አካል እስካሁን አልመጣም። ማማ ኪደን በባዶ እግራቸው መሃሉ ላይ ኩድራቸውን ይኮተኩታሉ፤ አላፊ አግዳሚው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ «ማማ፣ ውጪ!» እያለ ይጮህባቸዋል፤ እሳቸውም እጃቸውን ያውለበልባሉ።

እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዳለ እናገራለሁ። እውነቱን በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አንደኛውን ምግብ ቤቴ ውስጥ ተናገርኩ፤ ሁሉም አመነኝና ከኮሚቴው ወጣሁ። ሁለተኛውን ጆንያ ይዤ እየሮጥኩ ተናገርኩ፤ ማንም አላመነኝም፣ ማማ ኪደንም መሬታቸው ላይ ናቸው።