ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴይኑን ከወንበሯ በወረደች ማግስት በፍል ውሃው ገንዳ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የባሕርና የምድር ፓርቲ፣ የሃውካፍዮርድ መንደር ቅርንጫፍ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 1፡00
ቦታ፦ የመንደሩ መዋኛ፣ ከሁለቱ የፍል ውሃ ገንዳዎች በጣም የሚያቃጥለው

የተገኙ፦
1. አቶ ኦርማር፣ ሰብሳቢ፤ የዓሣ ፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ
2. ወ/ሮ ኮልፊና፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት
3. ካፒቴን ሃፍሊዲ፣ አባል፤ ከመርከብ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ እሳቸው ግን ገና አላመኑም
4. ወ/ሮ ሶልቬግ፣ ጸሐፊ፤ ይህን የምትጽፈው

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ኤልድያርን፣ የጠቅላይ ሚኒስትሯ የስቴይኑን አባት። የፓርቲያችን አባል አይደሉም፤ እንዲያውም ዕድሜ ልካቸውን የመረጡት ሌላውን ፓርቲ ነው። ነገር ግን የገንዳው ምሥራቃዊ ጥግ ከአርባ ዓመት በፊት ጀምሮ የእሳቸው ስለሆነ ውጡ የሚላቸው አልተገኘም።

ከሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ለስብሰባው ጥሪ ማድረግ አላስፈለገም፤ በዚህ ሰዓት መንደሩ የሚገኘው ውሃው ውስጥ ነው። ካፒቴን ሃፍሊዲ በደንብ ሳይታጠቡ ሊገቡ ሲሉ በመዋኛው ጠባቂ ወደ ሻወር በመመለሳቸው ስብሰባው አምስት ደቂቃ ዘግይቷል።

አጀንዳ 1፦ የስቴይኑን ድንገተኛ ስንብትና ፖለቲካዊ ትርጉሙ

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስረዱ። ትናንት ማታ በዜና ሰዓት ስቴይኑን በቴሌቪዥን ቀርባ፣ ሥልጣኗን በፈቃዷ እንደለቀቀችና ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እንደምትናገር ገልጻ፣ በአራት ደቂቃ ጨርሳ ሄዳለች። አቶ ኦርማር በወቅቱ ድንች እየላጡ እንደነበር፣ በድንጋጤ የገዛ ጣታቸውን እንደቆረጡና እስካሁን እንደሚያማቸው ጨምረው ገልጸዋል።

ወ/ሮ ኮልፊና ጥምር መንግሥቱ በሦስት ፓርቲ የቆመ መሆኑን አስታውሰው፣ «ሦስት እግር ያለው በርጩማ አንዱን ሲነቅሉት ምን እንደሚሆን የአንደኛ ክፍል ልጅም አይጠፋውም» ብለዋል። ቀጥለውም የገንዘብ ሚኒስትሩ ወንበሯን እንደሚይዝ፣ እሱም ባለፈው ዓመት እዚህ ድረስ መጥቶ «ክረምቱንም እዚሁ ነው የምትኖሩት?» ብሎ የጠየቀ ሰው መሆኑን አስገነዘቡ።

ካፒቴን ሃፍሊዲ በበኩላቸው፣ ወይ ታማለች ወይ አግብታለች፣ ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ደግሞ ሁለቱም ነው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ኮልፊና «አንተ ደግሞ ሴት ሥራ በለቀቀች ቁጥር ወይ ሐኪም ወይ ሽማግሌ ትልክባታለህ» አሏቸው። ካፒቴኑ ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣላቸው ጠይቀዋል። ጥያቄው ድምፅ ተሰጥቶበት ወድቋል።

ለሃያ አምስት ደቂቃ ከተከራከርን በኋላ የልጅቷ አባት አጠገባችን መሆናቸውን ያስታወሰችው ጸሐፊዋ ናት። አቶ ኤልድያርን ስለ ጉዳዩ የሚያውቁት ካለ ተጠየቁ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ፣ የመረጣችኋት እናንተ» ብለው መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ኮሚቴው የስቴይኑንን ስንብት አስቀድሞ ስላልተማከረበት እንደማይቀበለው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የዋሻው ጉዳይ

ጸሐፊዋ በዚህ አጀንዳ ላይ የግል ጉዳይ እንዳላት አስመዝግባለች። ባለቤቷ አስሙንዱር ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት ተራራውን ተሻግሮ ወደ ከተማው ሆስፒታል ይሄዳል። ባለፈው ክረምት መንገዱ ሠላሳ አንድ ቀን ተዘግቷል። አንድ ጊዜ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ አሥራ አራት ሰዓት ተቀምጠናል፤ አስሙንዱር ፊቱ እንደ አመድ እየሆነ «አይዞሽ» የሚለው እኔን ነበር። ተራራውን በሆዱ የሚያቋርጠው የዋሻ መንገድ ለጸሐፊዋ የምርጫ መፈክር አይደለም። ነገ ሐሙስ ፓርላማው የመንገዶችን ዕቅድ ያጸድቃል፤ ዋሻችን በዚያ ከሌለ ሌላ አራት ዓመት ነው። አስሙንዱር አራት ዓመት የለውም።



ከዚያም ሰብሳቢው፣ ስቴይኑን ከሌለች ዋሻውም እንደሌለ፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ነገ ፓርላማ ውስጥ ስሟን የሚያነሳ ሰው እንደማይገኝ ተናገሩ። ካፒቴን ሃፍሊዲ ዋሻውን ራሳችን መቆፈር እንጀምር፣ እኔ ድማሚት የት እንዳለ አውቃለሁ አሉ። የት እንዳለ አልተጠየቁም። ወ/ሮ ኮልፊና የስቴይኑን ፎቶ ከትምህርት ቤቱ ኮሪደር እንዲወርድ ሐሳብ አቅርበው፣ የሚተካው ፎቶ ስለሌለና ከኋላው ያለው ግድግዳ ቀለሙ ስለለቀቀ፣ ፎቶው ባለበት እንዲቆይ ግን ፊቱ ወደ ግድግዳው እንዲዞር ሲሉ አሻሽለውታል። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገችው ጸሐፊዋ ናት፤ አንደኛ ክፍልን ከስቴይኑን ጋር ተምራለች።

(የሚቀጥሉት ሁለት መስመሮች ካፒቴኑ ቦታ ሲቀይሩ በተነሣው ማዕበል ረጥበው ጠፍተዋል።)

አጀንዳ 3፦ ለሬዲዮ የሚላክ መግለጫ

ለሁለት ሰዓቱ ዜና እንዲደርስ የሚከተለው መግለጫ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ «የሃውካፍዮርድ ሕዝብ የስቴይኑንን ስንብት አይቀበልም። እስከ እኩለ ቀን ወደ ወንበሯ ትመለስ። ዋሻውን ከእሷ እጅ እንጂ ከማንም አንቀበልም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመረችው ጸሐፊዋ ናት። ጥሩ መስላት ነበር።

ካፒቴን ሃፍሊዲ ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ መግለጫውን በመግቢያው ስልክ እንዲያነቡ ተመርጠው 1፡45 ላይ ከገንዳው ወጡ።

አጀንዳ 4፦ አስቀድሞ ያልተያዘ

1፡48 ላይ ከሻወሩ በር ስቴይኑን ወጣች። ጥቁር የዋና ልብስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ረጥቧል፤ ዓይኗ ሌሊቱን መኪና የነዳ ሰው ዓይን ነው። «እንዴት አደራችሁ፣ ጠጋ በሉልኝ» ብላ ገባች። ኮሚቴው ጠጋ አለ። 

አቶ ኤልድያርን ዓይናቸውን ገለጡና «ቁርስ በልተሻል?» አሏት።

«አልበላሁም አባባ።»

«ታዲያ ምን ትሠሪ ነበር መንገዱን ሁሉ?»

ሰብሳቢው በኮሚቴው ስም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳያማክሩ ማድረግ ተገቢ እንዳልሆነ፣ ኮሚቴው በጣም ማዘኑንና ስንብቷንም እንዳልተቀበለ አስታወቁ። ስቴይኑን ለጥቂት ጊዜ ስትስቅ ቆይታ የሚከተለውን ተናገረች፦

«ኦርማር፣ ስማኝማ። አራት ዓመት ሙሉ ዋሻውን ባነሳሁ ቁጥር ‹ለገዛ መንደሯ ልትቆፍር ነው› ይሉኛል። የማንም መንደር ቢሆን ይፈርሙ ነበር። ትናንት የአባባን ፓርቲ ሰዎች ቁጭ አድርጌ፣ እኔ ከወንበሩ ብወርድ ለዋሻው ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይ አልኳቸው። ተያዩ። እንሰጣለን አሉ። ወረድኩ። በቃ ይኸው ነው። በቴሌቪዥን ብናገረው ደግሞ ወንበሯን በዋሻ ሸጠች ብለው ያፈርሱት ነበር። እስከ ነገ ድምፁ እስኪሰጥ ዝም በሉ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም። ብቻ አደራ፣ ተመለሺ የሚል ሰው አይነሳብኝ። እኔ ተመለስኩ ማለት ዋሻው ቀረ ማለት ነው።»

ወ/ሮ ኮልፊና ሰዓቱን ተመለከቱ። 1፡53 ይላል።

ሰብሳቢው ያለ ተጨማሪ ውይይት፣ በዋና ቁምጣቸው፣ በረዶው ላይ በባዶ እግራቸው ሮጡ። እኒህ ሰው ባለፈው ሳምንት ጉልበታቸውን አሟቸው ከፋብሪካው ፈቃድ የወሰዱ ናቸው። ጸሐፊዋ ተከትላ ሮጣለች፤ እንዴት ከገንዳው እንደወጣች አታስታውስም። መግቢያው ጋ ሲደረስ ካፒቴኑ መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፍኖ ወረቀቱን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ነበር። «የሃውካፍዮርድ ሕዝብ» የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ ለጋዜጠኛዋ አስመዝግበው «የስቴይኑንን» ላይ ደርሰዋል። አቶ ኦርማር ንግግር አላበዙም፤ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት። ካፒቴኑ በመርከብ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ባሕር ይጣል እንደነበር ተናግረዋል። ምክንያቱ ሲነገራቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ስብሰባው መጨረሻ እያላመጡ ነበር።

በሁለት ሰዓቱ ዜና፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሯ መንደር አንድ ሰው ደውሎ መስመሩ እንደተቋረጠ፣ የተራራው መንገድም ለጊዜው ክፍት እንደሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ግን የበረዶ ውሽንፍር እንደሚጠበቅ ከገንዳው በላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ተሰማ።

ወደ ገንዳው ስንመለስ አቶ ኤልድያርን ልጃቸውን «የእኔ ሰዎች ቃል ከሰጡ ይጠብቃሉ» ይሏት ነበር። ትንሽ አሰቡና «ካልጠበቁም ስልክ ቁጥራቸው አለኝ» አሉ።

ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ ኮሚቴው የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 ሥር የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ፎቶው አይዞርም። ስንብቱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ኮሚቴው እንዲያውም ደስ ብሎታል፣ ይህንን ግን እስከ ነገ ማታ ለማንም አይናገርም። ይህ ቃለ ጉባኤም እስከዚያው ጸሐፊዋ ቤት ይቀመጣል። ምስጢር በዚህ መንደር ከምሳ ተርፎ ስለማያውቅ፣ ካፒቴን ሃፍሊዲ ዛሬ ከቤታቸው እንዳይወጡ ኮሚቴው በአክብሮት ጠይቋል።

ጸሐፊዋ ስቴይኑንን ለማመስገን ዕድል ጠይቃ ተፈቅዶላት ነበር። በምስጋናው ፈንታ አልቅሳለች፤ ይመዝገብልኝ። ስቴይኑን ትከሻዋን ይዛ፣ «ዛሬ ረቡዕ አይደል? አስሙንዱር በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?» ስትል ጠየቀች።

«በሦስት ሰዓት» አልኳት።

«ውሽንፍሩ ሳይመጣ እኔ ልውሰደው። አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ። እኔ ዛሬ ሥራ የለኝም።»

ስብሰባው ከጠዋቱ 2፡14 ላይ ተበትኗል።