ክቡር «ከዛሬ ጀምሮ»

በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ ስልጠና በሄደ ቁጥር ሌላ ሰው ሆኖ የሚመለስ አንድ መምህር አይጠፋም። ሌሎቻችን ከስልጠና ይዘን የምንመጣው እስክርቢቶና ማስታወሻ ደብተር ነው። እሱ ግን አምኖ ይመጣል።

የኛው የሳይንስ መምህር ነው፤ ክፍሉ ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ክቡር ከዛሬ ጀምሮ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የመምህራን ክፍል በር ከፍቶ ሲገባ ከሰላምታ የሚቀድመው ይኸው ቃል ስለሆነ።

«ከዛሬ ጀምሮ የኋላ ወንበር የለም!» አለ አንድ ሰኞ፤ ዴስኮቹን በክብ ደረደራቸው። ከኋላ ማንቀላፋት የለመዱት መግቢያ ጠፋቸው፤ እኔም የዴስክ ጉተታ ስሰማ ዋልኩ። በወሩ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ፈተና የሚያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው!» አለ። አወጡ፤ አስቀድመውም እሱን ፈተኑት። ከሃያ አስራ አንድ አገኘ። ክቡርነቱ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፎ «አያችሁ? ለካ እኔም ገና የምማረው አለ!» እያለ ሲፍነከነክ ዋለ።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ሠላሳ ዓመት በጠመኔና በጉሮሮ አስተምሬያለሁ። የእሱ ነገር ሲነሳ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» እያልኩ ባልደረቦቼን አስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉሮሮዬ ከዳኝ። ሐኪሙ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስጠነቀቀኝ። ዳይሬክተሯ ቢሯቸው አስጠርተው፣ በለሰለሰ አንደበት፣ «እስከ መቼ ይደክማሉ? ጡረታዎን ትንሽ ቀደም ቢያደርጉትስ?» አሉኝ። ከክፍል ውጭ ሌላ ሕይወት አላውቅም። ልከራከር ብል ድምፅ የለኝም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ለካ ክቡርነቱ ጥግ ላይ ወረቀት ሊያባዛ ቆሞ ኖሯል።

«ጋሼማ የትም አይሄዱም!» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብለው ያስተምራሉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡን።»

በማግስቱ ከአሮጌ ካርቶን የቆረጣቸውን አርባ ካርዶች ይዞልኝ መጣ፤ ባንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ቀብቷቸዋል። ቀለሙ ገና ከጣቱ አልለቀቀም። ሕጉ ቀላል ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የገባው አረንጓዴውን፣ ያልገባው ቀዩን ያሳያል፤ ከዚያ የገባው ሄዶ ያልገባውን ያስረዳል።

ክፍልፋይ ማካፈልን ጻፍኩ፤ ጉሮሮዬ ሳይዘጋ ያስተማርኩትን፣ ከሁሉም የምመካበትን። ክፍሉ ቀይ በቀይ ሆነ። ሠላሳ ዓመት «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ!» እያሉ ጣሪያውን ሲያናጉልኝ ኖረዋል። አፈርኩ።

ያን ጊዜ አፏን ከፍታ የማታውቅ አንዲት ልጅ ብቻዋን አረንጓዴ ይዛ ብድግ አለች። ወረቀት ለሁለት አጠፈች፤ ደግማ አጠፈችው።

«በግማሹ ውስጥ ስንት ሩብ አለ? ቁጠሩታ!»

«ሁለት!»

ካርዶቹ አንድ ባንድ ተገለበጡ።

በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሯ ሊታዘቡ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ለእሳቸውም ካርድ ደረሳቸው። ጥቂት አመነቱና፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ቀዩን አወጡ። ያችው ልጅ ወረቀቷን ይዛ አጠገባቸው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጡረታዬን ያነሳ የለም።

አምላክ ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለእኔ የደገሰልኝ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ያሾፍኩበት ሰው እንጀራዬን አቆየልኝ። ድምፄ ሲመለስ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን ስለ አዲስ ስልጠና ማውራት ጀምሮ ስለነበር የሰማኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ሰኞ ባዶ ካርቶን ታቅፎ ክፍሌ ገባ።

«ጋሼ፣ ካርድ እኮ ጊዜው አልፎበታል። ልሰብስባቸው። ከዛሬ ጀምሮ...»

ካርዶቼን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩባቸው።

«እነዚህን ንክችም አታደርግ!» አልኩት። ከዚያ ወንበር ሳብኩለት። «በል ተቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ ምን?»