በአያ ታከለ ፊት የወጣ ገንዘብ

ገንዘብህን ሲቀበል ማን እንደሆንክ ግድ የማይሰጠው ሁሉ፣ ልታወጣ ስትል መርማሪ ይሆናል! አላምንም ያለ እኔን ይጠይቅ።

እኔ ሰይድ፣ አራዳ ገበያ ብርድ ልብስ የምሸጥ፣ ፀዳ ከተማ በአባቴ ቤት የምኖር ሰው፣ ክሪፕቶ ከሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ ጋር ምን አገናኘኝ? የሚስቴ ወንድም ነዋ! “ስልክህ ውስጥ ተኝቶ ያድጋል” አለኝ። እኔ ደግሞ ተኝቶ የሚያድግ ነገር ነፍሴ ነው። ለጣሪያችን ቆርቆሮ ያስቀመጥነውን ገንዘብ፣ ባለቤቴ ዘምዘም ሳትሰማ፣ አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። ስም? አልጠየቁም። መታወቂያ? ምን ሲደረግ! “እንኳን ደህና መጡ” ብለው ዋጥ።

ደግነቱ አደገ። (እውነቴን ነው፣ አትሳቁ።) ግንቦት ሲያልቅ ግን ሰማዩ መጥቆር ጀመረ፤ ዘምዘምም አብራው ጠቆረች።

“ቆርቆሮው የታለ? ዘንድሮም ባልዲ ደርድረን ልንከርም ነው?”

“በዚህ ሳምንት!” አልኳትና “ገንዘብ ማውጫ” የሚለውን ነካሁ።

“በቅድሚያ ማንነትዎን ያረጋግጡ።”

የትውልድ ዘመን አሉኝ። በኛው አቆጣጠር ብጽፍላቸው ባንድ ጊዜ አስረጁኝ። የመብራት ደረሰኝ አሉ። ደረሰኙ እስካሁን በሟች አባቴ ስም ነው። “እኚህን ሰው ብናነጋግራቸው ይፈቅዳሉ?” አይሉኝም! በደስታ… ብቻ መንገዱን እናንተው ፈልጉት።

ይህን ሁሉ እንደምንም አልፌ ፊት ላይ ደረስኩ። “ወደ ቀኝ ይዙሩ። ወደ ግራ። ዓይንዎን ያርገብግቡ።” ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስዞርና ዓይኔን ሳርገበግብ ያየች አንዲት ደንበኛ፣ ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ ወጣች። ውጤቱስ? “ፊትዎ ከመታወቂያዎ ፎቶ ጋር አይመሳሰልም።”

መታወቂያዬን አውጥቼ አየሁት። የቀበሌው ማኅተም አገጬ ላይ አርፎ፣ ቀለሙ ወደ ታች ፈስሶ፣ የሚያምር ጢም አብቅሎልኛል! ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ።

“ሶፊያ ነኝ፤ ምን ልርዳዎት?”

“እኔ ነኝ ብል እምቢ አላችሁኝ።”

“መታወቂያው ላይ ያሉት ሰው ጢም አላቸው።”

“ማኅተም ነው እኮ!”

“ጢምዎን አሳድገው ይሞክሩ።”

“እስከዚያ ክረምቱ ይገባል! ለመሆኑ አንቺስ ሰው ነሽ?”

“ይቅርታ፣ ስለ ማንነቴ መረጃ መስጠት አልችልም።”

ይሄኔ ነው አያ ታከለ ከች ያሉት። አያ ታከለ የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ይደርሳል፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ብርድ ልብስ ከኛ ሌላ አይገዙም።

“ምነው ልጄ፣ ከፋህሳ?”

“ማን እንደሆንክ አረጋግጥ አሉኝ፣ አያ።”

“እነማን?”

“እንጃ፤ እነሱ አይናገሩም።”

“ምነው! የእንድሪስን ልጅ ማን ያጣዋል? አምጣው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ!”

ፊቴን እንደገና ላስነሳ ካሜራውን የከፈትኩበትን ስልክ ነጥቀው አፍንጫቸው ስር ደቀኑት። “ስሙ! ይህ ሸጋ ልጅ ነው፤ አባቱንም አውቃለሁ!” ወደ ቀኝ ዞረው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ ወደ ግራ ዞረው ሱቁን አሳዩ፤ በንዴት ዓይናቸውን አርገበገቡ። ስልኩ ጢን አለ።

“እንኳን ደስ አለዎት! ማንነትዎ ተረጋግጧል።”

“አየህ? ሲነግሯቸው ይሰማሉ” አሉኝና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

እየፈነደቅሁ ገንዘቤን ላወጣ ብል፣ “ለደህንነትዎ ሲባል ፊትዎን ያሳዩ” አለኝ። አሳየሁ። “እርስዎ ሰይድ አይደሉም። ለሂሳቡ ባለቤት አሳውቀናል።” እውነትም አሳወቁ! ወዲያው መልእክት ደረሰኝ፦ “ውድ ሰይድ፣ ሂሳብዎን ሊዘርፍ የሚሞክር ሰው አለ፤ ይጠንቀቁ።”

ያን ዕለት ማምሻውን ዝናብ ጣለ፤ ጣሪያው የዘምዘምን ምንጣፍ አጠበው።

“ገንዘቡ የታለ?” አለች።

“አያ ታከለ ፊት ላይ ነው።”

ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ፣ “እኮ ሂድና አምጣዋ!” አለች።

በማግስቱ ድብ ባሕር ወረድኩ። አያ ታከለ እያረሱ ነበር።

“አያ፣ ፊትዎን አውሱኝ።”

“ምነው፣ የራስህሳ?”

“አልሠራ አለ።”

ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። በሬዎቻቸውን አቁመው እያጉረመረሙ ወጡ። ዞሩ፣ አርገበገቡ… ስልኩ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ፦ “ፈገግ ይበሉ።”

“አያ፣ ሳቅ ይበሉልኝ።”

“ምኑ ያስቃል?”

“እባክዎ!”

“በሬ አስቁመህ ሳቅ ትለኛለህ?” አሉና ራሳቸው በተናገሩት ሳቃቸው አመለጣቸው። ስልኩ ጢን አለ። ገንዘቤ ወጣ! አቅፌ ሳምኳቸው፤ ከዘምዘም ፊት መቆም የምችል ሰው ሆንኩ።

አያ ታከለ ወደ ማሳቸው ሲወርዱ፣ ‘ይህን ጣጣ ዛሬውኑ ልገላገለው’ ብዬ “ሂሳብ መዝጊያ” የሚለውን ነካሁ።

“ሂሳብዎን ለመዝጋት ማንነትዎን ያረጋግጡ።”

“አያ! አያ ታከለ! አንዴ ብቻ!”

ጅራፋቸውን እንዳነሱ፣ ዞር ብለውም ሳያዩኝ፣

“ሂድ ወዲያ! ዛሬስ በቃኝ… አንተን መሆን ያደክማል!”