ከሥሩ ካላዩ የማያምኑት ሐጂ

ሚዛን ባለበት ገበያ ሁሉ፣ ሚዛኑን የሚጠረጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ሚዛኑን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ይህ ሰው የሚዛኑን ባለቤት፣ የባለቤቱን ሰላምታ፣ በጠዋት የወጣችውን ፀሐይ ሳይቀር አገላብጦ ያያል። ለሱዳኑ የገዳሪፍ ገበያ የደረሱት የሰሊጥ ነጋዴው ክቡር ሐጂ ኸይረዲን ነበሩ። ታምሬም የሱቅ ጎረቤታቸው ነውና ጣጣቸውን ከማንም በላይ ቀምሶታል።

ሐጂ ጆንያ ሲገዙ ላዩን አያዩም። ሹል የብረት ቱቦ የጆንያው ወገብ ላይ፣ ከዚያም ታችኛው ጥግ ላይ ሰክተው ሰሊጡን መዳፋቸው ላይ ያፈሳሉ። "መጀመሪያ ከሥሩ አሳየኝ" ይላሉ። ከታምሬ ዱካን የገዙትን ስኳር እዚያው ዓይኑ እያየ በራሳቸው ሚዛን ይመዝኑታል።

"ሐጂ፣ ዛሬም አላመኑኝም?"

"አንተንስ አምኜሃለሁ፤ እጅህን ነው።"

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸው ቢጫ የሆነው። ሰፈሩ የወፍ በሽታ ነው አለ። ከባሱንዳ መንደር የመጣ መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀጥቅጦ ቢያቀርብላቸው "መጀመሪያ አንተ ጠጣ" አሉት፤ ሰውየው ረክሻ ጠርቶ ሄደ። የአገሩ ሐኪሞች ግን ሐሞት ከጉበት የሚወርድበት ቧንቧ ጠቧል አሉ። ጠባሳ ይሁን ካንሰር ለመለየት በቀጭን ብሩሽ ውስጡን ጠርገው መረመሩ፤ ደገሙት፤ አልለየም። ጠባሳ ከሆነ ቧንቧውን ማስፋት ይበቃል። ካንሰር ከሆነ ግን ሳይዛመት ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ወደ ካይሮ። ልጆቻቸው "እኛ እንሂድ" ሲሉ፣ ሐጂ "ታምሬ ይምጣ" አሉ። ታምሬ ምክንያቱ አልገባውም፤ የሚጠረጥሩት ሰው እንዳያጡ ነው ብሎ ተሳፈረ።

የካይሮው ሐኪም በዐረብኛ አስረዳቸው። "በአፍ በሚገባው ቱቦ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ መሣሪያ አሳልፈን ቧንቧው ድረስ እናደርሳለን። የማይክሮስኮፕ ሥራ ይሠራል፤ ሕዋሱን በሕይወት እንዳለ ስክሪን ላይ እናየዋለን።"

"ብሩሹስ?"

"ብሩሽ የሚያመጣው ያገኘውን ብቻ ነው።"

"እስከ ዛሬ ላይ ላዩን ነዋ ያያችሁት" አሉ ሐጂ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ሐኪም በበጎ ዓይን እየተመለከቱ። ብዙ አልቆየም፤ ነርሷ ቢጫ ፈሳሽ በመርፌ ይዛ መጣች።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ምስሉ እንዲፈካ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ነው።"

"ቢጫ ሆኜ ብመጣ ቢጫ ልትጨምሩብኝ?"

ማደንዘዣው ሳይወስዳቸው በፊት በጣታቸው ወደ ታምሬ አመለከቱ። "እሱ ቆሞ ይይ።"

ያን ዕለት ጠዋት ሚስታቸው ባሕሪያ ከገዳሪፍ ለታምሬ ደውላ ነበር። "ወንድሜ፣ ክፉ ከሆነ እንዳትነግራቸው። ጠባሳ ነው በላቸው፤ ልባቸው ይሰበራል።" በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ታምሬም እሺ ብሏል።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ አየ። ሐኪሙ፣ "ቧንቧው ጤናማ ቢሆን ቀጭን ጥቁር መረብ ነበር የምናየው" አለው። ስክሪኑ ላይ ግን ወፋፍራም ነጫጭ ጭረቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው ጥቋቁር ጉብታዎች። ከዚያው ቦታ የተወሰደው ቁራጭ ሥጋም በኋላ ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። "ጊዜው አላለፈም። ቶሎ ይቀደዱ፤ ግን እሳቸው መስማማት አለባቸው" አለ ሐኪሙ።

ታምሬ የባሕሪያን ቃል ምላሱ ላይ አዘጋጅቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

"ባሕሪያ ደውላልሃለች" አሉ ሐጂ።

"ደውላለች።"

"ጠባሳ ነው በላቸው ብላሃለች።"

ታምሬ የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለ።

"ለጠባሳ ሆዴን አላስቀድድም፣ ወላሂ። ልጆቼ ይወዱኛል፤ ስለዚህ ይዋሹኛል። ሐኪሙን አላውቀውም። አጭበርባሪ ሲጠረጠር ይቆጣል፤ አንተ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስጠረጥርህ አንድ ቀን አልተቆጣኸኝም። ምን አየህ?"

ታምሬ በልቡ ስንቴ እንደተቆጣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ያዘጋጀውን ቃል ዋጠው።

"ካንሰር ነው፣ ሐጂ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ከዚያ ጥያቄውን ጠበቀ። በየት በኩል አየህ፣ ስክሪኑ የሌላ ሰው ቢሆንስ፣ ሐኪሙ መነጽሩን ጠርጎ ነበር ወይ ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። ሐጂ ግን ጣሪያውን ጥቂት ተመለከቱና "ኸላስ፣ በቃ፣ ይቅደዱኝ" አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ታምሬ ከወንበሩ አልተነሳም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ባላመኑኝ ኖሮ ብሎ ተመኘ።