ደረቅ ወይን

የከተማችን የሥልጣኔ ታሪክ ሲጻፍ፣ መጻፉም አይቀርም፣ አቶ ይፍሩ ከወይን ጠጅ ጋር ያሳለፉት አንድ ዓመት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ሰውየው አርባ ምንጭ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የእቅድ ኃላፊ ናቸው። አምና ሐዋሳ ለሥልጠና ሄደው፣ ከሥልጠናው ምንም ሳይዙ፣ ከራት ግብዣው ግን የወይን ጠጅ ፍቅር ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። መጠጣት ሲባል ተራ ሰው እንደሚጠጣው እንዳይመስላችሁ። ያሽከረክሩታል፣ ያሸቱታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ያዝናሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጎነጩት። ልማዱ ሥር ሰዶ የቧንቧ ውሃ ሳይቀር ማሽተት ጀመሩ። የዓሣ ሾርባ ቀርቦላቸው "ትንሽ ይተንፍስ" እያሉ ሲጠብቁ በረዶ ሆኖባቸዋል። ባልደረቦቻቸውን ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት አፋፍ ላይ አቁመውም "አባያ ቀዩ ነው፣ ጫሞ ነጩ። ዓይናችን ስላልሠለጠነ ውሃ ይመስለናል" ብለው አስተምረዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ግን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ለጌታ እራት የሚሆነውን መጠጥ ዘቢብ ቀቅለው የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ጠርሙስ ቤታቸው ከገባ ጀምሮ ጾም ጸሎት ይዘዋል።

"ለመሆኑ ዓመት ሙሉ ጠጥተህ ምን ተማርክ?"

"ራሴን።"

"እሱን ለማወቅ ጠርሙስ ያስፈልግ ነበር?"

"የወይን ብርጭቆ በእግሩ ነው የሚያዘው፣ አስቴር። ይህን የማያውቅ ሕዝብ እንዴት ብሎ ቱሪስት ይቀበላል?"

የቱሪስቱ ነገር ያለ ምክንያት አልተነሣም። አዲስ የቱሪዝም ማስተዋወቂያ ክፍል ሊከፈት ነው፤ አቶ ይፍሩ ወንበሩን እንቅልፍ እስኪያጡ ተመኝተውታል። ሹመቱን የሚወስኑት ወይዘሮ ቤተል ልዑካን ይዘው እንደሚመጡ ሲሰማ መስተንግዶውን አቶ ይፍሩ ተረከቡ። "አንድ ዓመት ከወይን ጋር፦ የተገኙ ትምህርቶችና የቀጣይ አቅጣጫዎች" የሚል ንግግርም አሰናዱ። ከዚያ የግዥውን ኃላፊ አቶ አሞጽን አስጠሩ። አቶ አሞጽ ከመጠጥ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

"ወይን ትገዛለህ።"

"ምን ዓይነት ይሁን?"

"ደረቅ።"

"ደረቅ ወይን?"

"ደረቅ! ጣፋጩ የጀማሪ ነው።"

አቶ አሞጽ ገበያ ወጥተው ደረቅ ወይን ጠየቁ። ባለሱቁ ምንም ሳያመነታ አንድ ካርቶን ዘቢብ መዘነላቸው። ካርቶኑ ምግቡን ወደሚያዘጋጁት ወደ ወይዘሮ አስቴር ተላከ። "አቶ ይፍሩ ናቸው ያዘዙት" ሲባሉ ጸሎታቸው የተሰማ መሰላቸው። እያመሰገኑ ቀቀሉት፣ አጠለሉት፣ በጆግ በጆግ ሞሉት።

በግብዣው ዕለት አቶ ይፍሩ ጆጎቹን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። "ከጠርሙስ ገልብጣ አየር እንዲያገኝ አደረገችው! ለካ ስትሰማኝ ኖራለች!" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ብርጭቆአቸውን በእግሩ አነሡ።

"ክቡራንና ክቡራት! ወይን ትሕትናን አስተምሮኛል። በትሕትና የሚስተካከለኝ አለመኖሩንም ያወቅሁት በወይን ነው። እስቲ ቅመሱት! የእንጨት በርሜሉ ሸተታችሁ?"

አዳራሹን በሙሉ በርሜሉ ሸተተው።

"ትንሽ ጣፈጠኝ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ጣፋጭ መስሎ የሚሰማህ ድርቀቱ ነው!"

ወይዘሮ ቤተል ግን እስከ ጭላጩ ጠጥተው ፈገግ አሉ። "ግሩም ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዚህ ቦታ የሚጠጣ ሰው አንሾምም ብለን ነው የመጣነው። አቶ ይፍሩ ይጠጣሉ ሲሉኝ አዝኜ ነበር። ለካ የሚያወሩልን ስለ ዘቢብ ጭማቂ ነው!"

"ዘቢብ ነው! እኔው ነኝ የቀቀልኩት" አሉ ወይዘሮ አስቴር በደስታ።

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ይፍሩ ዞረ። ያ ያለሙት ወንበር አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የቀረው።

"የለም!" አሉ አቶ ይፍሩ። "ይህ ደረቅ ወይን ነው! ዓመት ሙሉ የጠጣሁትን አላውቀውም?"

"ይፍሩ፣ በናትህ አዎ በል።"

"ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ ነው እኮ! እንዲያውም ሞቅ ብሎኛል!"

ወይዘሮ ቤተል ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። የቱሪዝሙ ክፍል "የእንግዶችን ፍላጎት አስቀድሞ በመረዳት ላሳዩት ብቃት" ለአቶ አሞጽ ተሰጠ።

አቶ ይፍሩ አኩርፈው ቤት ዋሉ። ከግብዣው የተረፈ አንድ ጆግ ጓዳ ተረስቶ ነበርና የአርባ ምንጭ ሙቀት ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ሠራ። ጭማቂው ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ስኳሩን ጨረሰ፣ ሰነባብቶም ጠለለና የለየለት ወይን ጠጅ ሆነ። ያውም ደረቅ። አንድ ቀን አቶ ይፍሩ አገኙት። በብርጭቆ ቀዱ፣ አሽከረከሩ፣ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎነጩ። ፊታቸው ተጨማደደ።

"አስቴር!"

"አቤት!"

"ጭማቂሽ ተበላሽቷል፤ ድፊው!"

ወይዘሮ አስቴር በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የባላቸውን ትእዛዝ በሙሉ ልብ ፈጸሙ።