የአስር ዓመት የጥላ ዕቅድ

ድሬዳዋ ከመጣችሁ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ የሰው በር አታንኳኩ። የታመመ ሰው ካለ እሺ። ቤት እየተቃጠለ ከሆነም እሺ፣ እሱንም ቢሆን ቀስ ብላችሁ። በተረፈ አስር ሰዓት እስኪሆን ጠብቁ። ሱቁ ተዘግቷል። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ቆሟል፣ ሹፌሩም እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ጫት የሚቅመው በርጫው ላይ ነው፣ የማንቅመው እንተኛለን። ከደጋ የመጣ ሰው ይሄን ሲያይ ምነው፣ ሰዉ ሁሉ የት ገባ ይላል። የትም አልገባም አቦ! ሞቆት ነው።

እኔ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማሽኑም ይግላል፣ እኔም እግላለሁ። ዘግቼ ወደ ሰፈራችን ፓርክ እሄዳለሁ። ፓርክ ስላችሁ ፏፏቴ ምናምን እንዳትጠብቁ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለች፣ ጥቂት የኒም ዛፎች የቆሙባት ቦታ ናት። ድሮ ቆሻሻ ይጣልባት ነበር። ዛፎቹን ያሳደገቻቸው አዴ ዘሃራ ናት። አዴ የምንላት እናታችን እንደማለት ነው፤ አመሻሽ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ዕቃ ያለቀለቀችበትን ውሃ በባልዲ ተሸክማ እየመጣች፣ ለአንዱ ችግኝ አንድ ጣሳ፣ ለሌላው አንድ ጣሳ፣ ስንት ዓመት! ፍየል ሲበላባት እንደገና ትተክላለች። ከባሏ ጋር ተጣልታ አታውቅም ይባላል፤ ጠቧን በሙሉ ፍየሎቹ ላይ ስለጨረሰች ነው እላለሁ እኔ።

አሁን እዛ ጥላ ስር ሰሌን አንጥፋችሁ ጋደም በሉማ። ደቻቱ ደርቋል፣ አሸዋው ያብለጨልጫል፤ ትክ ብላችሁ ስታዩት ውሃ የሚሄድበት ይመስላችኋል። ከድልድዩ ማዶ አንዱ ሌላውን ይጣራል። በሶማሊኛ ይሁን በኦሮምኛ አትለዩትም፤ ብቻ ስማችሁን የጠራ ይመስላችኋል። መነሳት ግን የለም። ትንሽዬ የኒም አበባ ግንባራችሁ ላይ ትወድቃለች። ላንሳት ትላላችሁ፣ እጃችሁ እምቢ ይላል። እኔ እዛች ቦታ ላይ፣ ዓይኔ ግማሽ ተከድኖ፣ የሞተ አባቴን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የባቡር ሰራተኛ ነበር። ኮፍያውን አድርጎ በደቻቱ አሸዋ ላይ ቀስ እያለ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። ምንም አይለኝም። እኔም አልጠይቀውም። ደስ ይለኛል፣ በቃ።

እንዲህ ተኝተን በሰላም ስንኖር ደብዳቤ መጣ። የከተማው አረንጓዴ ቦታዎች ሁሉ የአስር ዓመት የአስተዳደር ዕቅድ ይውጣላቸው ተባለ። ዕቅድ አዘጋጅቶ ያስጸደቀ ሰፈር ፓርኩን ራሱ ያስተዳድራል። ያላስጸደቀ ፓርኩ ይታጠርና ካፌ ይከፈትበታል፣ መግቢያውም በቲኬት ይሆናል። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አዴ ዘሃራ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ በቲኬት የምገባው?» አለች። «ወላሂ ቤቴ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነው። ቀን ቀን የት ልግባ?»

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። 

በነጋታው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ሆነ፤ የባቡር ጡረተኛ ነው፣ ሰዓት ይወዳል። ጸሐፊው እኔ። ለምን? ወረቀት ያለኝ እኔ ነኛ። የዕቅዱን ቅጽ መሙላት ጀመርን። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚካሄዱ ተግባራትን ዘርዝሩ ይላል። ተያየን። ምን እናደርጋለን እኛ? እንተኛለን። ጋሽ ታደሰ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንተኛለን ብለህ ከጻፍክ ነገ አጥሩን ተሸክመው ይመጣሉ አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ብዕሬን ለቀቅኩት። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ አልኩ። የንባብ ባህል ማዳበሪያ አልኩ። በአካባቢ ጥበቃ ዙሪያ ሳምንታዊ ውይይት አልኩ። እየጻፍኩ ራሴ በሰፈሬ ኮራሁ።

ቀጣዩ ጥያቄ፣ ተጠቃሚ በብዛት የሚገኝበት ሰዓት ይላል። እዚህ ጋ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሐቀኛ ሆንኩ። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰም አይቶ ልክ ነው አለ። አዴም ልክ ነው አለች። ከድሬ ልጅ ውስጥ እሱ ሰዓት ምን እንደሆነ የሚጠፋው አለ? ሁላችንም ፈርመን አስገባን።

መልሱ ቶሎ መጣ። ባለሙያ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ተገኝታ የተዘረዘሩትን ተግባራት በአካል ታያለች ይላል።

በስምንት ሰዓት! ስፖርት! ድሬ ላይ! ምድጃ ላይ ገመድ ዝለሉ በሉን እንጂ!

ማክሰኞ ደረሰ። ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ አደልን። ጎረምሶቹ ሩጫ፣ ጋሽ ታደሰ ፊሽካ፣ ሽማግሌዎቹ ውይይት። ለአዴ ዘሃራ ንባብ ደረሳት። ማንበብ አልችልም ስትል፣ አቦ አታካብጂ፣ ጋዜጣውን ብቻ ያዢ አልናት። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጀምሮ ተዘጋጅተን ቆምን። ስምንት ሆነ፣ ባለሙያዋ የለችም። ጎረምሶቹ አንድ ዙር ሮጠው ሁለተኛው ላይ ግንድ ተደግፈው ቀሩ። ውይይቱ ላይ አንዱ የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ አነሳ፣ ሌሎቹ አንቀላፍተው ነበር። ጋሽ ታደሰ ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ጋደም አለ፤ በተነፈሰ ቁጥር ቀስ ብላ ታፏጫለች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ላሳርፍ አልኩ።

ህልም አየሁ። አስር ዓመት አልፏል። የኒሞቹ ጥላ ደቻቱን ተሻግሮ ማዶ ደርሷል፣ ሰው ከድልድዩ ይልቅ በጥላው ላይ ይሄዳል። አጥር የሚባል ነገር የለም። ከላይ ከተራራው ውሃ ይመጣል፣ ግን እንደ ደቻቱ ጎርፍ ሰው የሚወስድ ውሃ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጠየቀ በቀስታ የሚያልፍ ነው። አዴ ዘሃራ ባልዲ አልያዘችም። ዛፎቹ ናቸው ተራ በተራ እያጎነበሱ እሷን የሚያራግቧት። ከዛ ህልም መንቃት አልፈለግኩም ነበር።

የሴት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። «ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ የኮሚቴ አባል ነዎት?»

ድሬ ውስጥ ሁሉም አንተ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እርስዎ ሲባል ሰው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል። አዴም ዞር ብላ አየች መሰለኝ። እኔ በሽፋሽፍቴ ስር አጮለቅኩ። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰች ወጣት ናት፣ ፊቷ በላብ ርሷል። ደብዳቤው ላይ ስሟ የተጻፈው ባለሙያ፣ ሰላማዊት፣ እሷ መሆን አለባት አልኩ። በኋላ እንደሰማሁት ድሬ ከመጣች ገና ወሯ ነው፣ ከሳቢያን ሰፈር ድረስም በእግሯ ነው የመጣችው። በዛ ፀሐይ! ተነስቼ ላስረዳት ይገባኝ ነበር። አፈርኩና ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

«ስፖርቱ የት ነው?» አለች።

«ስፖርት የለም» አለች አዴ። «ውይይትም የለም። ይሄ ጋዜጣ ለዝንብ ነው። ያ የሚጽፈው ልጅ ነው የዋሸው።»

በቃ ታጠርን አልኩ በሆዴ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሰራላችሁ?»

«እንተኛለን። ንጋት ላይ ተነስቼ አቦካለሁ፣ ማታ እጠብሳለሁ። መሃል ላይ እዚህ እተኛለሁ። ዛፎቹን ለሌላ አይደለም ያሳደግኳቸው። አጥራችሁ ከምታስከፍሉኝ ቆርጣችሁ ጣሉልኝ፣ ቢያንስ ከውጭ ሆኜ አላያቸውም።» ከዛ ግን እናት አይደለች? ልጅቷን አየቻት። «አንቺ ደግሞ ልትወድቂ ነው። ያን ጫማ አውልቂና ጋደም በይ። አብሽሪ፣ ማንም አይነካሽም።»

እየሠራሁ ነው አለች ልጅቷ። አዴም ሥሪ፣ ጋደም ብለሽ ሥሪ አለቻት። ሰሌኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ብዕር ሲወድቅ ሰማሁ። ከዛ ምንም አልሰማሁም።

አስር ሰዓት ላይ ስንነቃ ባለሙያዋ ገና እንደተኛች ናት። ማንም አልቀሰቀሳትም። የጋሽ ታደሰን ፊሽካ እንኳ እንዳይቀሰቅሳት ከአፉ ቀስ ብለን ወሰድንበት። ስትነቃ ግራ ገብቷት ዙሪያውን አየች፣ ዛፎቹን ሽቅብ አየች። ከዛ ይዛው የመጣችውን ቅጻችንን አወጣች። ያን ሁሉ የኮራሁበትን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰርዛ፣ በራሷ እጅ እንዲህ ጻፈች፦ የፓርኩ ዋና አገልግሎት የቀን እረፍት፣ ጥላው ለነዋሪው ሁሉ ክፍት፣ አጥር አያስፈልግም። የዛፎቹ ኃላፊ ብላም የአዴ ዘሃራን ስም ከፍ አድርጋ ጻፈች። ጸደቀ! ለአስር ዓመት! አዴ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ባማረ! ግን ዕቅዳችን በጣም ተወደደ። ነዋሪው እውነተኛ ፍላጎቱን ያሳየበት ሞዴል ፓርክ ተባልን። ከየከተማው ለልምድ ልውውጥ ሰው ይላክልን ጀመር። ሊያዩ የሚመጡት ደግሞ በዕቅዱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው። አሁን ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ፕላስቲክ ወንበር ላይ በሰልፍ ተቀምጠን፣ ዓይናችን ቀልቶ፣ ስለ ቀን እንቅልፍ ጥቅም እናስረዳለን። ጋሽ ታደሰ ሰዓት ይቆጣጠራል። እኔ ጽሑፍ አድላለሁ።

ትናንት ከእንግዶቹ አንዱ፣ ደብተሩን የያዘ ጨዋ ሰው፣ አዴ ዘሃራን ይቅርታ ጠይቆ፣ «እናቴ፣ ለመሆኑ እርስዎ በቀን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚተኙት?» አላት።

«እናንተ ስትሄዱ» አለችው።