ድርቅን በቦሎቄ

«የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ከሩቅ የሚመጣ አሠልጣኝ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ሞባይል ብርቅ በነበረበት ጊዜ አንድ መጥቶልን ነበር። አደጋን ስለ መከላከል ሲያሠለጥን አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። መሬት ላይ ለድርቅ፣ ለጎርፍና ለግጭት አንድ አንድ ክብ ሣለና አብልጠን በምንፈራው ላይ ብዙ ቦሎቄ እንድንከምር አዘዘን። ድርቅ ላይ ተራራ ቆለልን። ከሻይ ስንመለስ ግን የድርቅ ክብ ባዶ ነው።

«ድርቁ የት ሄደ?» አለ፣ ደብተሩን እንደያዘ።

ልጆቿ ጾማቸውን ያደሩባት ጎረቤቴ ሎኮ ቀና ብላ፣ «እኔ ቤት ነው ልጄ፤ ምድጃ ላይ ተጥዷል» አለችው።

ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። እሱም ደብተሩን ዘጋ።

«እንግዲያው ማማ፣ ጎርፉንም ውሰጂው።»

ግጭቱን በነጠላዬ ቋጥሬ እኔው አደረስኩላት። ከዚያ ወዲህ ስንት ሥልጠና ተቀመጥኩ፤ እንደዚያ ያለ የአደጋ ቅነሳ ግን አላየሁም።